ዓረብ አገር ለምትሄጂው ልጄ



ኮንትራትሽ ተፈርሟል፤ ሻንጣሽም ተዘጋጅቷል። በምትደርሺበት ከተማ በጎረቤት ቤት፣ በሆስፒታልና በገበያ ፊሊፒናውያን ማግኘትሽ አይቀርም። የቤት ሠራተኞቻቸው ብዙውን ጊዜ ከእኛ ልጆች የበለጠ ደመወዝ ያገኛሉ። ሰው ሁሉ ምክንያቱ እንግሊዝኛ ማወቃቸው ነው ይላል። እንግሊዝኛው ይረዳቸዋል፤ ትልቁ ምክንያት ግን በየመከራቸው ማግስት መንግሥታቸውን ሕግ እንዲያወጣ ማስገደዳቸው ነው። ይህን ታሪካቸውን ሳታውቂ እንድትሄጂ አልፈልግም።

ፊሊፒንስ ሠራተኛ መላክን የመንግሥት ሥራ ያደረገችው በፕሬዚዳንት ፈርዲናንድ ማርኮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው የሠራተኛ ሕግ ነው። የነዳጅ ዋጋ ንሮ፣ ሥራ ጠፍቶ ነበርና ለጊዜው የታሰበ መላ ነበር። መላው ግን እስከ ዛሬ ቀጠለ። አሁን ነርሶቻቸው ከለንደን እስከ ሪያድ ሕሙማን ያስታምማሉ፤ መርከበኞቻቸው የማይደርሱበት ወደብ የለም። እ.ኤ.አ. በ2023 በባንክ በኩል ብቻ ከ33 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወደ አገራቸው ልከዋል። በዚያ ገንዘብ ብዙ ቤት ተሠርቷል፤ ብዙ ታናናሽ ወንድምና እህት ዩኒቨርሲቲ ገብቷል።

የተከፈለበት ዋጋም ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 17 ቀን 1995 ሲንጋፖር ፍሎር ኮንቴምፕላሲዮን የተባለች የቤት ሠራተኛን በስቅላት ቀጣች። የአራት ልጆች እናት ነበረች። ሌላ ፊሊፒናዊትና አንድ ሕፃን ገድላለች ተብላ ነበር የተፈረደባት። ብዙ ፊሊፒናውያን ግን ንጹሕ ናት ብለው አመኑ፤ መንግሥታችን በጊዜ አልደረሰላትም ብለውም አደባባይ ወጡ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ። በሦስት ወር ውስጥም ውጭ የሚሠሩ ዜጎችን የሚጠብቅ ሕግ ጸደቀ።

እ.ኤ.አ. በ2006 የሊባኖስ ጦርነት በሺዎች የሚቆጠሩ የቤት ሠራተኞቻቸውን ወደ አገር ሲያስመልስ፣ መንግሥት ዝቅተኛውን የቤት ሠራተኛ ደመወዝ ከ200 ወደ 400 ዶላር አሳደገ። ኤጀንሲ ከሠራተኛዋ የምልመላ ክፍያ እንዳይቀበልም ከለከለ።

እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የአንዲት ፊሊፒናዊት አስከሬን ኩዌት ውስጥ፣ በተዘጋ አፓርታማ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተገኘ። የፊሊፒንስ መንግሥት ወደዚያ አዲስ ሠራተኛ መላክ አቆመ። በግንቦት ከኩዌት ጋር የተፈረመው ስምምነት አሠሪ ፓስፖርትና ስልክ እንዳይነጥቅ፣ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን እንዲሰጥ አስገደደ። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2023 እዚያው ኩዌት ሌላ የቤት ሠራተኛቸው ተገድላ በረሃ ላይ ተገኘች። ሕግ ብቻውን በተቆለፈ በር አልፎ አይገባም።

ስለዚህ ሠራተኞቹ እርስ በርስ ይፈላለጋሉ። ሆንግ ኮንግ ውስጥ በየእሑዱ የመሀል ከተማውን አደባባይና የእግረኛ መንገዱን ይሞሉታል። ካርቶን አንጥፈው ይበላሉ፤ ይጸልያሉ፤ ለቤተሰብ የሚላከውን ዕቃ ያሽጋሉ፤ ደመወዝ የተከለከለችውን ወደ ሠራተኞች ማኅበር ይወስዷታል። ሰባት ቀን ሙሉ ከቤት የማትወጣ ሠራተኛ ይህን ሁሉ አታገኝም።

ደመወዝ የማይመልሰው ነገርም አለ። እናት የሌላ ሰው ልጅ ስታሳድግ የራሷን ልጆች አያት ወይም አክስት ታሳድጋለች። ገንዘቡ በደረሰ ቁጥር የዘመድ ጥያቄ ይበዛል፤ ዓመታት ደክመው ባዶ እጃቸውን የሚመለሱም አሉ።

ዚዛ ክሩዝ ባካኒ የተባለች ፊሊፒናዊት ግን ለራሷም የሚሆን ነገር አላጣችም። እናቷ ቀድማ ወደሄደችበት ሆንግ ኮንግ ገና በወጣትነቷ ሄዳ ለአሥር ዓመት ያህል በቤት ሠራተኝነት ሠራች። ከአሠሪዋ ተበድራ ካሜራ ገዛች፤ በዕረፍት ቀኗ ከተማዋንና እንደ እሷ ያሉ ሠራተኞችን አነሳች። እ.ኤ.አ. በ2015 ማግነም ፋውንዴሽን ከተባለ የፎቶግራፍ ድርጅት የትምህርት ዕድል አግኝታ ኒው ዮርክ ገባች፤ ዛሬ የታወቀች ፎቶግራፈር ናት።

አንቺም መብት አለሽ፤ ልጄ። የአገራችን የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛና የደርሶ መልስ ትኬት ወጪን የአሠሪው ያደርገዋል። ደላላ ይህን ክፈይ ቢልሽ እሺ እንዳትዪ። የውልሽን አንድ ቅጂ ለእኔ ስጪኝ፤ ሌላውን ፎቶ አንስተሽ በስልክሽ ያዢ። የኤምባሲውን ቁጥር በቃልሽ አጥኚ። በደረስሽ በመጀመሪያው ሳምንት የአገርሽን ልጆች ፈልጊ፤ ፊሊፒናዊት ጎረቤት ካለችሽም ተዋወቂያት፤ ብዙ ታውቃለች።

በየወሩ ለእኛ የምትልኪውን አሁኑኑ ቁረጪና ንገሪን። የቀረውን በስምሽ አስቀምጪ። ከተባባልነው በላይ ብንጠይቅሽ፣ እኔም ብሆን፣ እምቢ በይን፤ አልቀየምሽም።

እግዚአብሔር በሰላም ያድርስሽ፣ በሰላም ይመልስሽ።

እናትሽ