ስለ ስም አወጣጥ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ሲባል ሰምተሃል፤ አንባቢ ሆይ። የድረ ገጽን ስም ግን የሚያወጣው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ ሌላ ሰው ቀድሞ ካስመዘገበውም አይገኝም።

የእኅቴ ልጅ በቆቦ ከተማ የራያን ማሽላ፣ ጤፍና ሽንኩርት በስልክ ለነጋዴ የሚያገናኝ ድርጅት ሊያቋቁም ተነሥቷል። ገንዘቡ ጥቂት፣ ተስፋው ብዙ ነው። ስሙን በመጀመሪያ «ቆቦ» ሊለው ዐሰበ። አገሩን መውደዱ ያስመሰግነዋል፤ ይሁን እንጂ «ቆ» በላቲን ፊደል ውስጥ ቦታ የላትም። አንዱ በ«ኬ»፣ ሌላው በ«ኪው» ይጽፋታል። በ«ኬ» ሲጻፍ ደግሞ ኮቦ የናይጄሪያ ሳንቲም ነው፤ በ2009 እ.ኤ.አ. በካናዳ የተቋቋመው የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት ሻጭም ኮቦ ይባላል። «ራያ» ቢለውስ? አጻጻፉ ቀላል ነው፤ ነገር ግን በዚሁ ስም የሚጠራ ኩባንያ በግብፅ አለ። «ማሽላ» ቢለውም ሰው ሁሉ «ኤል» አንድ ነው ወይስ ሁለት እያለ ይጠይቀዋል።

እንግዲህ አንተም ለንግድህ ስም ስትመርጥ፣ አስቀድመህ ስሙን በስልክ ለአንድ ተማሪ ንገረውና ሳይጠይቅህ ይጻፈው። ከተሳሳተ ስሙን ተወው። ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ ካሉባቸው ቃላት ራቅ። ታክሲ በስልክ የሚያስጠራውን «ፈረስ»ን ተመልከት፤ ቃሉ የእኛው ነው፤ በላቲን ፊደልም አያስቸግርም።

ቀጥሎ የስሙን መጨረሻ አስብ። «ነጥብ ኮም» ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲመዘገብ የኖረ ስለ ሆነ፣ አጫጭሮቹ መልካም ስሞች በአብዛኛው ተይዘዋል። «ነጥብ ኢቲ» ግን የኢትዮጵያ ድርሻ ነው፤ የሚያስተዳድረውም ኢትዮ ቴሌኮም ነው። በዓለም ገበያ የተያዘ ስም በዚህኛው ሊገኝ ይችላል።

ከሁሉም በላይ ይህን አትርሳ። የድረ ገጽ ስም እንደ ቤት ኪራይ ነው እንጂ እንደ ርስት አይደለም። ክፍያው በጊዜው ካልታደሰ ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል። ምዝገባውም በአንተ ስም ይሁን። ገጹን የሠራልህ ባለሙያ በራሱ ስም ካስመዘገበው፣ በተጣላችሁ ቀን ደንበኞችህ የሚያንኳኩት የእርሱን ደጅ ነው። ስንት ዓመት የደከምህበት ስም በአንድ ጀንበር የሌላ ይሆናል።

የእኅቴ ልጅ አሁን «አዝመራ» በሚለው ቃል ላይ ሐሳቡን አሳርፏል። ለገበሬው የታወቀ፣ ለጸሓፊውም የተመቸ ነው። የቀረው ሥራው ነው፤ ሚዛኑ ካጭበረበረ ወይም የገበሬው ገንዘብ ከዘገየ፣ ያማረ ስም የሚጠቅመው ገበሬው የሚሸሸውን ሰው ለይቶ እንዲያውቅ ብቻ ነውና።