የደሎ መና ከተማና የመንገደኛ ቤት ኑሮ

የአንድ ከተማ ክብር በሕንፃው ቁመትና በአደባባዩ ስፋት ብቻ የሚለካ የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። እኛ ግን በሥራ ምክንያት በባሌ ምድር በተቀመጥንባቸው ዓመታት የተመለከትነው ነገር ሌላ አሳብ አሳድሮብናል። ከተማን ከተማ የሚያሰኛት፥ ጧት ከደጁ ወጥቶ ለእንጀራው የሚሄድ ሰውና፥ የዚያን ሰው መመለስ እየጠበቀ እሳቱን ሳያጠፋ የሚቆይ ቤት ነው። ከሁለቱ አንደኛው የጎደለ እንደሆነ፥ የቀረው ግንብና ቆርቆሮ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ስለ ደሎ መና ከተማ፥ ስለ ታሪኳና ስለ ዕለት ኑሮዋ፥ ያየነውንና የተረዳነውን በአጭሩ ልናቀርብ ወደድን።

በአውስትራልያና በአውሮፓ፥ በታላላቅ ከተሞች ዙሪያ የተቆረቆሩ ትናንሽ ከተሞች ብዙ ናቸው። ሕዝባቸው በማለዳ በባቡር ተሳፍሮ ወደ ታላቁ ከተማ ለሥራ ይሄዳል፤ ሲመሽም ይመለሳል። እንዲህ ያለችው ከተማ ቀን ቀን የሕፃናትና የሽማግሌዎች፥ ማታ ማታ ግን የሁሉ ትሆናለች። በባሌም ይህን የሚመስል ኑሮ አለ። ሮቤና ጎባ የሚራራቁት 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ በአንደኛው አድሮ በሁለተኛው የሚውል ሰው ብዙ ነው። የዞኑ መሥሪያ ቤቶችና መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ በሮቤ፥ ታላቁ ሆስፒታል ደግሞ በጎባ በመሆናቸው፥ መምህሩና ጸሐፊው፥ አስታማሚውና ተማሪው በሚኒባስ ሲመላለሱ ይውላሉ። የመና ሰው መንገድም የዚሁ ወንድም ነው፤ ጠባዩ ግን ይለያል። የሮቤና የጎባ መንገደኛ በሜዳ ላይ ይሄዳል፤ የመና መንገደኛ ግን ወደ ደመናው ወጥቶ ወደ ቆላው ይወርዳል።

መና በኦሮሚያ ክልል፥ በባሌ ዞን፥ የደሎ መና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 555 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ከሮቤም 125 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ቁጥሩ ሲሰማ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ጎባ ራስዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተቀምጣ ሳለች፥ መንገዱ ከዚያ ተነሥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ወደ ሆነው ወደ ሳነቴ አምባ ይወጣል። በዚያ አምባ ላይ የቱሉ ዲምቱ ተራራ በ4,377 ሜትር ቁመት ቆሞ ይታያል። ከብርዱ የተነሣ ከጅብራውና ከሣሩ በቀር የሚያድግ ነገር ጥቂት ነው፤ ቀይ ቀበሮም ለብቻው እየዞረ አይጥ ያድናል። ከዚያ በኋላ መንገዱ የሐረናን ገደል እየተጠማዘዘ ይወርዳል። መጀመሪያ አስታው፥ ቀጥሎ የሪራ ቀርከሃ፥ ከዚያም ሽበት የለበሱ የሚመስሉ ታላላቅ ዛፎች፥ በመጨረሻም ሰው ሳይተክለው የበቀለው የጫካ ቡና ይመጣል። ጫካው ሲያልቅ፥ በ1,300 ሜትር ከፍታ ገደማ፥ መና በሙቀቷ ትቀበላለች።

ስለዚህ በመና መናኸሪያ ላብ በግንባሩ እየወረደ ወፍራም ጋቢ በትከሻው ያነገተ ሰው ያየ እንግዳ ይስቃል፤ የአገሩ ሰው ግን አይስቅም፤ ያ ሰው ወደ ጎባ የሚወጣ መሆኑን ወዲያው ያውቃልና። ጋቢውንም ብዙ ጊዜ ያለበሰችው ሚስቱ ወይም እናቱ ናት። እንዲያውም የመና ሴቶች ለመንገደኛ ስንቅ ከመቋጠራቸው አስቀድመው ጋቢውን ሲያነሡ ደጋግመን አይተናል።

ይህ መውጣትና መውረድ በመኪና የተጀመረ እንዳይመስለን። ከመኪናው በፊት መንገዱን የጠረጉት ከብቶች ናቸው። የባሌ አርብቶ አደር እንደ ወቅቱ ከቆላው ወደ ጫካው፥ ከጫካውም ወደ ደጋው ከብቱን እያዛወረ ይኖር ነበር፤ ይህም ሥርዓት ጎዳንቱ ይባላል። በደረቁ ወራት ከብቱ የሐረናን ጥላና ውሃ ያገኛል፤ በደጋው ደግሞ ሆራ የሚባለውን ጨዋማ ውሃ ይጠጣል። ከብቱን ተከትሎ የሚሄደው ወጣት ወራት ሊቆይ ይችላል፤ ሕፃናቱን፥ ጥጃውንና ቤቱን ይዛ የምትቀረው ግን ሴቲቱ ነበረች። እንግዲህ የመና ቤት ከጥንት ጀምሮ የመንገደኛ ቤት ነው።

ባሌ ቀድሞ የሐረርጌ ክፍል ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ራሱን የቻለ ጠቅላይ ግዛት ሲሆን፥ ጎባ ዋና ከተማው ሆነች፤ ደሎም ከአውራጃዎቹ እንደ አንዱ ተቆጠረ። መና የአውራጃ ሹማምንት መቀመጫ ስትሆን ጽሕፈት ቤቱና ገበያው ሰዉን ወደ እርሷ ሳቡት። ነገር ግን ዘመኑ የሰላም ብቻ አልነበረም። በመሬት፥ በግብርና በግጦሽ ምክንያት የተነሣው የባሌ ሕዝብ አመፅ፥ በዋቆ ጉቱና በሌሎችም መሪነት፥ ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 1962 ዓ.ም. ድረስ ደሎንም ዋቤንም አናውጦ ነበር። ከዚያም በ1970ዎቹ መጀመሪያ በመንግሥት ትእዛዝ ተበታትኖ የሚኖረው ገበሬ በመንደር እንዲሰበሰብ ተደረገ። ዛሬ በመና አውራ መንገድ ላይ ቡና የሚጠጡት አረጋውያን የእነዚህን ዘመናት ነገር ሲያነሡ፥ ጦርነቱን የሚናገሩት ባጭሩ ነው፤ በዚያ ዘመን ማን ማንን እንዳስጠለለ ግን በዝርዝር ይናገራሉ።

አሁን ወደ ዕለት ኑሮው እንመለስ። የመና ቤት በአንድ ጣሪያ ሥር ብቻ የሚኖር አይደለም። በቡና ለቀማ ወራት አባትና ጎረምሳ ልጆች በሐረና ውስጥ በሚሠሩት ጎጆ ያድራሉ፤ ዝንጀሮውንና ጦጣውን እየጠበቁ የቀላውን ፍሬ ይለቅማሉ። ታላቁ ልጅ ወይም ታላቋ ልጅ ለትምህርት በሮቤ ወይም በጎባ በኪራይ ቤት ትኖራለች። እናት ደግሞ በከተማው ቤት ትቀመጣለች፤ ቡናውን በአልጋ ላይ ታሰጣለች፥ ዝናም ሲያስገመግም ትሸፍናለች፥ በገበያ ቀንም ትሸጣለች። ከሦስቱ ስፍራ የሚመጣውንና ወደ ሦስቱ ስፍራ የሚሄደውን ሁሉ የምትቈጣጠረው እርስዋ ናት። ከጫካው ቡናና ማር ይመጣል፤ ማሩም በረጃጅም ዛፎች ላይ ከተሰቀለው ቀፎ የሚቈረጥ ነው። ከያዶት ወንዝ ዳር ሙዝና ማንጎ ይመጣል። ከደጋ ደግሞ ገብስ፥ ስንዴ፥ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ይወርዳል። በገበያ ቀን የቆላው ግመልና የደጋው ፈረስ በአንድ ሜዳ ላይ ሲቆሙ፥ ባለቤቶቻቸውም አንዱ ከሌላው ጋራ ሲከራከሩና ሲስማሙ ይውላሉ። ያዶት ለአትክልቱ ብቻ ሳይሆን ለመብራትም አገልግሏል፤ 350 ኪሎዋት ኃይል እንዲሰጥ የታሰበ አነስተኛ ማመንጫ በወንዙ ላይ ተሠርቶ ነበርና።

የጎረቤታችን አንዲት እናት ቤት የገባን እንደ ሆነ ቡና በቅቤ ተጠብሶ ይቀርብልን ነበር፤ ይህን የኦሮሞ ሕዝብ ቡና ቀላ ይለዋል። እኚህ እናት ፊደል አልቈጠሩም። ሆኖም ለጫካው የተላከውን ዱቄት፥ ለልጃቸው ወደ ሮቤ የተላከውን ገንዘብ፥ ከነጋዴውም የሚቀበሉትን ቀሪ ሂሳብ፥ በማገር ላይ በሠሩት ምልክት አንድ ሳንቲም ሳያሳስቱ ይይዙት ነበር። ከመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ጋራ ስናነጻጽረው፥ የማገሩ መዝገብ የተጣራ ሆኖ የታየን ጊዜ ብዙ ነው።

የመንገዱን ክብደት የተማርነው ግን በራሳችን ልጅ ነው። መና የራሷን ሆስፒታል ከማግኘቷ በፊት፥ በክረምት ወራት፥ ልጃችን በብርቱ ትኩሳት ተያዘና ወደ ጎባ ልናወጣው በጭነት መኪና ተሳፈርን። ሪራ ስንደርስ ጭጋጉ የመኪናውን አፍንጫ እንኳ ከለከለን፤ ሾፌሩም ከዚህ በላይ በሌሊት መሄድ ሞት ነው አለ። አንዲት አሮጊት ከቀርከሃ ቤታቸው ወጥተው፥ ማን እንደሆንን ሳይጠይቁ ልጁን ከእጃችን ተቀበሉ። እሳት አነደዱ፥ ወተት አፈሉ፥ ሌሊቱን ሙሉ ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ ሲያብሱ አደሩ። እኛም እንደ አገሩ ልማድ አዮ፥ ማለት እናቴ፥ እያልን ጠራናቸው። ሲነጋ አምባውን ተሻግረን ልጁ በጎባ ታከመ፤ ዳነም። በማግሥቱ ለምስጋና ገንዘብ ይዘን ብንመለስ፥ አሮጊቲቱ እጃቸውን አጥፈው፥ «የእኔም ልጅ በመንገድ ላይ ነው፤ የእርሱንም ግንባር ሌላ ሰው ይይዝልኛል» አሉን። ይህ የመንገደኛ አገር ሕግ ነው፤ በየትኛውም ነጋሪት ጋዜጣ ላይ አልታተመም፤ ነገር ግን ሲፈጸም አይተነዋል።

ዛሬ መና ሆስፒታል አላት፤ ከአቅሙ በላይ የሆነው ሕመም ብቻ ወደ ጎባ ይወጣል። ይህ ታላቅ መሻሻል ነው። ነገር ግን ሌላ አሳሳቢ ነገር አለ፤ እርሱም የደኑ ነገር ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ከእነዚህ ተራሮች የሚነሡት ወንዞች በቆላው ለሚኖረው እጅግ ብዙ ሕዝብ፥ እስከ ሶማልያም ድረስ፥ የሕይወት ውሃ ናቸው። ሆኖም በእሳት፥ በምንጣሮና በእርሻ መስፋፋት ምክንያት የሐረና ዳርቻ እየተነካ ይሄዳል። ነዋሪዎች በማኅበር ተሰብስበው ከመንግሥት የደን ድርጅት ጋራ ውል እየገቡ ደኑን የሚጠብቁበት ሥርዓት መጀመሩ ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ ጠባቂው ከሚጠብቀው ነገር ተጠቃሚ ካልሆነ ጥበቃው አይጸናምና።

ይህን ነገር በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ደኑ ለመና የቤት ጎተራ ነው። የጫካው ቡና ጥላ ይወዳል፤ ንቡም አበባ ይፈልጋል፤ ዛፉ ሲወድቅ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ጎተራው ባዶ የሆነበት አባት ደግሞ ለአንድ ለቀማ ወራት ወጥቶ የሚመለስ መንገደኛ መሆኑ ይቀራል፤ ወደ ሩቅ ከተማ ይሰደዳል፤ መመለሻውም አይታወቅም። ጋቢውን ያለበሰችው ሴትም ለማን እሳት እንደምታቆይ ሳታውቅ ትቀራለች። እንግዲህ አንድ ዛፍ ያለ ምክንያት የቈረጠ ሰው፥ የአንድ ቤት መንገደኛ እንዳይመለስ እንዳደረገ ሊቈጥረው ይገባል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። መጀመሪያ፥ ቡናው ቀልቶ ሳለ ብቻ ይለቀም፤ በመሬት ላይ ሳይሆን በአልጋ ላይ ይድረቅ፤ ከአረንጓዴ ፍሬ ጋራ የተደባለቀ ቡና ዋጋው ይወድቃል፤ የዋጋው መውደቅም ሰውን ወደ ምንጣሮ ይገፋዋል። ሁለተኛ፥ በለቀማ ወራት ሕፃናትን ከትምህርት ቤት ማስቀረት ይቅር፤ የአንድ ወር ጉልበታቸው የአንድ ዓመት ትምህርታቸውን አይተካም። ሦስተኛ፥ የቤቱን ሂሳብ የምትይዘው እናት ማንበብና መጻፍ ትማር፤ የማኅበሩም አባልነት በባልዋ ስም ብቻ ሳይሆን በእርስዋም ስም ይጻፍ። የማገር ላይ ምልክት ለቤት ይበቃል፤ በነጋዴና በማኅበር ፊት ግን የተጻፈ ስምና የተጻፈ ቁጥር ያስፈልጋል።

በየወረዳው ለሥራ የምትላኩ ሹማምንትም፥ አንድን ትንሽ ከተማ ለመመርመር በምትሄዱበት ጊዜ፥ ከጽሕፈት ቤቱ መዝገብ አስቀድማችሁ በማለዳ ወደ መናኸሪያው ብቅ በሉ። ማን እንደሚሄድ፥ ምን ተሸክሞ እንደሚሄድ፥ ማንስ እንደሸኘው ተመልከቱ። በማታም ደግሞ ተመልሳችሁ ማን እንደተመለሰ ቊጠሩ። የከተማዪቱን ደኅንነት የሚያስረዳ ከዚህ የበለጠ ምስክር አታገኙም።