ስለሚታጠፍ የእንጨት ምድጃ አመራረጥ

የእግር መንገድ የሚሄድ ሰው ከቤቱ ሲነሣ ስለ ስንቁ ይጨነቃል እንጂ ስንቁን ስለሚያሞቅበት ነገር አስቀድሞ አያስብም። «እሳት የትም አይጠፋም፤ ሦስት ድንጋይ ከተገኘ ጉልቻ ይሆናል» ይላል። እኛም ስንኖር ስንኖር እንዲሁ ስንል ኖረናል። ነገር ግን በ2010 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በዝቋላ ተራራ ላይ ያገኘን ነገር ሌላ ስላስተማረን፥ ስለ ምድጃ ምርጫ የተረዳነውን ለሌሎች ቤተ ሰቦች ማካፈል የተገባ መስሎ ታየን።

ነገሩም እንዲህ ነው። ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት ያለፈው አማታችን የጥቅምት 5ን በዓል በዝቋላ ለማክበር ስእለት ነበረባቸው። ዝቋላ ከቢሾፍቱ በስተ ደቡብ የሚገኝ፥ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ፥ በራሱ ላይ ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ያለበት ተራራ ነው። ከባለቤታችንና ከሁለቱ ልጆቻችን ጋራ ሆነን እስከ ግርጌው በመኪና፥ ከዚያ በእግር ልናደርሳቸው ተነሣን። የተራራው ሌሊት ብርድ መሆኑን ስለምናውቅ፥ ተጣጥፎ በኪስ የሚገባ አንድ ትንሽ የእንጨት ምድጃ ገዛን። ስንገዛውም ከመልኩና ከቅለቱ በቀር ምንም አልጠየቅንም። ባለቤታችን በእጅዋ ካገላበጠችው በኋላ፥ «ይህ ነገር ጀበና ይሸከማልን?» ብላ ጠይቃን ነበር። እኛ ግን፥ «ይህማ ሰልጥነው የሠሩት ሰዎች አስበውበታል» ብለን ዝም አሰኘናት።

ከተራራው ራስ የደረስነው ሊመሽ ሲል ነው። ምድጃውን በሦስት ቀጫጭን እግሮቹ አቁመን፥ በመንገድ የለቀምነውን ጥቂት ጭራሮ አንድደን፥ አማታችን ከቤታቸው ያመጡትን ጀበና ጣድንበት። ውኃው ሊፈላ ጥቂት ሲቀረው አንዱ እግር ከግለቱ የተነሣ ለዘዘ፤ ምድጃው አዘመመ፤ ጀበናውም ወድቆ አንገቱ ተሰበረ። የጋለው ውኃ እሳቱን አጠፋው፤ የታናሹን ልጃችንንም እግር ለጥቂት ሳተው። ጭራሮውም አልቆ ነበር።

ከአጠገባችን ያደረ አንድ ቅን ወጣት ጭንቀታችንን አይቶ፥ ከጥዱ አንድ ቅርንጫፍ ሊሰብርልን ተነሣ። አማታችን ግን ከለከሉት። የዝቋላ ደን በ2004 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በእሳት መጎዳቱን፥ ብዙ ሰውም ሊያጠፋው ወደ ተራራው መውጣቱን አልረሱትም። «ልጆቼ፥ የጻድቁን ዛፍ ሰብራችሁ የምታፈሉትን አልጠጣም። ብርዱ ከነጋ ይሄዳል፤ ዛፉ ግን አንድ ጊዜ ከተሰበረ አይመለስም» አሉ። ከዚህ በኋላ በጋቢያቸው ተጠቅልለው ዝም አሉ። ባለቤታችን አቅፋቸው ስታድር፥ እኛ የሚንቀጠቀጡትን እናት እያየን ሳንተኛ ነጋብን። ከእኛ ወዲያ ያደሩ አንዲት የገጠር ሴት፥ ከቤታቸው ተሸክመው ባመጡት አንዲት እስር ጭራሮ ውኃ አፍልተው ንጋት ላይ ትኩስ ሻይ ባያቀብሉን ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልን እስከ ዛሬ እናስባለን። እኒያ ሴት ምድጃቸው ሦስት ድንጋይ ነበር፤ ነገር ግን እኛ ያላወቅነውን ዐውቀው ነበር።

ከተመለስን በኋላ ልዩ ልዩ ምድጃዎችን ከወዳጆቻችን እየተዋስን በግቢያችን መፈተን ጀመርን። ያገኘነውንም በየተራው እንጽፋለን።

መጀመሪያ የሚታየው አሠራሩ ነው። የሚታጠፍ የእንጨት ምድጃ በብዙው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አራት ወይም አምስት የላሜራ ገጾች ያሉት ሆኖ፥ ገጾቹ በጥርስና በቀዳዳ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ ሲፈታም እንደ ደብተር ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀመጣል። ሁለተኛው ገጾቹ በማጠፊያ ስለ ተያያዙ ተከፍቶ ወዲያው ይቆማል። የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ ነገር ግን አንድ ገጽ የጠፋበት ሰው ምድጃውን በሙሉ አጣ ማለት ነው። በጨለማና በብርድ በደነዘዘ ጣት ማገጣጠሙም ትዕግሥት ይፈታተናል። ሁለተኛው ጥቂት ይከብዳል፤ ግን የሚጠፋ ቁራጭ የለውም። ከእነዚህ ሌላ ክብና ድርብ ግድግዳ ያለው አለ፤ በሁለቱ ግድግዳ መካከል የሚወጣው አየር ግሎ ከላይ ባሉት ቀዳዳዎች ሲገባ ጭሱን ራሱን ያቃጥለዋል፤ ስለዚህ ጭሱ ጥቂት ነው። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ አይታጠፍም፤ በቦርሳም ውስጥ እንደ ጣሳ ቦታ ይይዛል።

ሁለተኛው ነገር የተሠራበት ብረት ነው። የማይዝግ ብረት በአንድ ኩብ ሴንቲ ሜትር 8 ግራም ያህል ሲመዝን፥ ቲታኒየም የሚባለው 4.5 ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ የቲታኒየሙ ምድጃ ከ200 ግራም ሲያንስ፥ ተመሳሳዩ የብረት ምድጃ 300 ግራምና ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ትልልቁማ ወደ 900 ግራም ይደርሳል። ይሁን እንጂ ቲታኒየም ዋጋው ውድ ነው፤ ቀጭን ላሜራውም በእሳት ሲግል ይጣመማል። ብቻውን ብዙ ቀን ለሚጓዝ ሰው ቅለቱ ዋጋ አለው። ለቤተ ሰብ ግን ወፍራሙን የማይዝግ ብረት እንመርጣለን፤ ሸክሙን የሚካፈሉ ሰዎች አሉና።

ሦስተኛው መቆሙና መሸከሙ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ምድጃውን በጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ፥ ውኃ የሞላበት ድስት ጭናችሁ በጣታችሁ ገፋ አድርጉት። የሚንገዳገድ ከሆነ ተዉት። ሰፊ መሠረት ያለው ከቀጭን እግር ይሻላል። የእኛ ጀበና ታችው ክብ ስለሆነ በጠፍጣፋ አፍ ላይ አይረጋም፤ ስለዚህ በአፉ ላይ የሚጋደም ሁለት ወይም ሦስት ጠንካራ የብረት ዘንግ ያለውን ፈልጉ። በምድጃው አፍና በድስቱ መካከልም ከአንድ ጣት ያላነሰ ክፍተት ይኑር፤ ድስቱ አፉን ከደፈነው እሳቱ ይታፈናል፥ ጭሱም ይበዛል።

አራተኛው አየሩና ጉሮሮው ነው። አየር ከሥር የሚገባበት በቂ ቀዳዳ፥ አመዱን የሚቀበል ወለል፥ ድስቱን ሳያወርዱ ጭራሮ የሚጨምሩበት ሰፊ በር ያስፈልገዋል። በጣም ትንሹ ምድጃ በየሁለትና በየሦስት ደቂቃው ካልጎረሰ ይጠፋል፤ ጠባቂውም እንደ ሞግዚት አይነሣም። ጎኑ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነው ለአምስት ሰው በቅቶናል፤ በእርሱም ባውራ ጣት ውፍረት የደረቀ የባሕር ዛፍ ጭራሮ አንድ ሊትር ውኃ በ12 ደቂቃ አፍልተናል። ነገር ግን ይህ ልኬት በግቢያችን ነው፤ ነፋስ ባለበት ቦታ ከዚህ እንደሚረዝም ዕወቁ። ደግሞም በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፥ ባቄላና ምስር ቶሎ አይበስልም፤ ለተራራ መንገድ በሶ፥ ቆሎና ሽሮ ይሻላል።

አምስተኛውና ታላቁ ነገር እንጨቱ ነው። ይህ ምድጃ ነዳጅ አያሸክምም ይባላል፤ እውነት ነው፥ ግን እንጨቱ የማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። በገዳም ደንና በተከለለ ፓርክ ውስጥ የወደቀውም ቢሆን ለመንገደኛ የተተወ አይደለም። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. በእሳት ተጎድቶ እንደነበር የምናስታውስ ሰዎች፥ እንደዚህ ባለ ስፍራ የእንጨት እሳት ባንለኩስ መልካም ነው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሌላ ዓይነት ምድጃ ይያዝ፤ አለዚያም በሶውን በጥብጦ ይጠጣ። በሚፈቀድበት ስፍራ ግን ከግቢያችን የለቀምነውን አንዲት እስር ደረቅ ጭራሮ በቦርሳ ጎን አስረን መሄድ ብርቱ ሸክም አይደለም። ምድጃውን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቁሙት፤ ሣሩን ከዙሪያው አንሡ፤ ስትነሡም ረመጡን በውኃ አጥፍታችሁ በእጃችሁ ዳስሱት። በድንኳን ውስጥ ግን ከቶ አታንድዱ፤ ሽታና መልክ የሌለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል።

ይህን ሁሉ ከፈተንን በኋላ በማጠፊያ የተያያዘውን የማይዝግ ብረት ምድጃ መረጥን፤ ክብደቱ 800 ግራም ነው። የድስት መሸከሚያ ዘንጎቹን ለጀበና እንዲስማሙ አድርጎ ያስተካከለልን በሠፈራችን ያለ ብረት ሠሪ ነው። አማታችን ግን ፍርዳቸውን ሳይሰጡ ወዴትም እንደማንሄድ ነግረውን ነበርና፥ አንድ እሑድ በግቢያችን ሠርተን አዲሱን ጀበና ጣድንላቸው። በርጩማ ላይ ተቀምጠው ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱት፤ በበትራቸውም ጎኑን ነካ ነካ አደረጉት፤ አልተንቀሳቀሰም። ቡናውን ቀምሰው፥ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባል ነበር» አሉ፤ ቀጥለውም ወደ እኛ እያዩ፥ «ክፉ ጉልቻ ግን ይደፋል» አሉ። ባለቤታችንም በዚያን ቀን ምንም ሳትናገር ፈገግ ብላ ሲኒውን ሞላችልን። ያች ፈገግታ ከብዙ ተግሣጽ ይልቅ ገብታናለች፤ ጥያቄዋን በጊዜው ሰምተን ብንሆን የእናትዋ ጀበና ባልተሰበረ፥ ሌሊቱም ያን ያህል ባልረዘመ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. በጥቅምት 5 ዋዜማ እንደገና ዝቋላ ወጣን። ጭራሮውን ታላቁ ልጃችን፥ ምድጃውን እኛ፥ ጀበናውን ባለቤታችን ያዝን። ሌሊቱ እንደ በፊቱ ብርድ ነበር። አማታችን ሁለተኛውን ሲኒ ሲጠጡ እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ጥቂት አለፍ ብለው አንድ አባትና ልጅ ያለ እሳት ተቀምጠው ስላዩ፥ «ሦስተኛውን ለእነዚያ አድርሱ» ብለው ላኩን። ካለፈው ዓመት እንግዳችን የተቀበልነውን ውለታ የከፈልነው በዚህ ነው።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፤ ምድጃ ለመግዛት ስትሄዱ ሚዛን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። በቤታችሁ ጀበናውን ዘወትር የምትጥደውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ጥያቄዋንም እስከ መጨረሻው ስሙ።