እስቲ እንጦጦ እንውጣ!

እኔ ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ‹‹ተመስገን›› የምትለዋን ቃል እንዲህ በቀላሉ ጻፍኳት እንጂ ከአፌ ከጠፋች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነበር። እንዴት ተመልሳ እንደመጣች ነው ዛሬ የማጫውታችሁ።

መቼም ብዙዎቻችን አንድ አመል አለን። ደስታን በቀጠሮ እናኖራለን። ‹‹ይህቺ የቤት ኪራይ ጣጣ ትለቅልኝና…››፣ ‹‹ልጄ ፈተናውን ይለፍልኝና…››፣ ‹‹ይህ ሐዘን ይውጣልኝና…›› እንላለን። ጣጣው አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይተካል። ቀጠሮውም እንደ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ሲራዘም ይኖራል። እኔም ከእነዚህ ሰዎች አንዷ ነበርኩ።

አባቴ የሞተው ሰባት ወር ታሞ ነው። በእነዚያ ሰባት ወሮች ያልተሳልነው ስለት፣ ያልረገጥነው ደጅ አልነበረም። ሐኪሞቹም የቻሉትን አደረጉ። አልሆነም። እሱን ከቀበርን በኋላ እኔ ቀስ ብዬ ከቤተ ክርስቲያን ቀረሁ። እማዬ ‹‹እንሂድ›› ስትለኝ አንድ ቀን ራሴን ያመኛል፣ አንድ ቀን ሥራ ይበዛብኛል። አንድ እሁድ ጠዋት ግን ምክንያት አለቀብኝና ከአፌ አመለጠኝ።

‹‹ያን ሁሉ ለምነሽው ምን አደረገልሽ?›› አልኳት።

እማዬ ምንም አልመለሰችልኝም። ነጠላዋን አነሳችና ብቻዋን ወጣች። ከዚያን ቀን ወዲህ ‹‹እንሂድ›› ብላኝ አታውቅም። እኔም ይቅርታ ብያት አላውቅም። አንድ ቤት እየኖርን፣ አንድ ማዕድ እየቆረስን፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋና ስለ መብራት መጥፋት ብቻ የምናወራ ሰዎች ሆንን። የአባቴ ሙት ዓመት ወጣ፤ እማዬ ግን ጥቁር ልብሷን አላወለቀችም።

አንድ የጥቅምት 20 ማታ ታዲያ እማዬ እግሯን ለብ ባለ ውኃ እየታጠበች እንዲህ አለችኝ። ‹‹ነገ ማርያም ናት። እንጦጦ ልወጣ አስቤያለሁ። ይህ ጉልበቴ ብቻዬን አያደርሰኝም። አንቺን ግቢና ተሳለሚ አልልሽም፤ ክንዴን ብቻ ያዢልኝ።››

እምቢ ማለት አቃተኝ።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከቤት ወጣን። የጥቅምትን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ አጥንት ይፈልጋል። ከጎፋ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ አራት ኪሎ፣ ከዚያ ‹‹ስድስት ኪሎ፣ ሽሮ ሜዳ! የሞላ!›› ከሚል ወያላ ጋር ሽሮ ሜዳ ደረስን። የሞላ ያለው ታክሲ ግማሹ ባዶ ነበር። እማዬ ‹‹ልጄ፣ በማርያም ቀን እንኳ አትዋሽ እንጂ!›› ስትለው ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። እናቴ ቀልደኛ እንደነበረች ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ የሚወጣ ታክሲ አለ። እማዬ ግን ‹‹የቻልነውን ያህል በእግራችን፣ ሲያቅተን በመኪና›› አለች። ሽቅብ ተያያዝነው። የእንጦጦን ዳገት ያላያችሁ ካላችሁ፣ ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ የአካባቢው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተቆርጦ ባለቀ ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ነው። ትውልዱ አውስትራሊያ ስለሆነ ‹‹ባሕር ዛፍ›› አልነው። ጠዋት ላይ ጤዛው ሳይደርቅ የሚሸተው ሽታ ልጅ ሆናችሁ ጉንፋን ሲይዛችሁ የታጠናችሁትን ያስታውሳችኋል። በሁለት ዓመት ውስጥ እንደዚያን ጠዋት ያለ አየር ወደ ሳንባዬ አስገብቼ አላውቅም ብል ማጋነን አይደለም።

መንገዱ አጋማሽ ላይ እማዬ ደከማትና ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። አንዲት እናት ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁል ይወርዱ ነበር። ሸክሙ ከቁመታቸው ይረዝማል። አጠገባችን ሲደርሱ ወደ ዳገቱ ተደግፈው አረፉ። ሲነሱ ታዲያ አቃታቸውና ‹‹እስቲ አንዴ ደግፉኝ እህቶቼ›› አሉን። እኔና እማዬ ከግራና ቀኝ ይዘን አነሳናቸው።

‹‹እግዜር ይስጥልኝ። ተመስገን፣ ዛሬስ ፀሐይ ወጣልኝ። ትናንት ቅጠሉ ረጥቦብኝ ወገቤን ሊቆርጠው ነበር›› አሉና ወረዱ።

እኔ ፈዝዤ ቀረሁ። ያን የሚያህል ጭነት የተሸከመ ሰው ‹‹ተመስገን›› የሚለው ቅጠሉ ስለደረቀለት ነው! ድህነታቸውን ላሳምርላችሁ አይደለም። ያ ሸክም በዚያ ዕድሜ ላለ ሰው አይገባም። ግን እሳቸው ጭነቱ እስኪወርድላቸው ድረስ ለማመስገን ቀጠሮ አልያዙም።

እማዬ ሴትየዋን በዓይኗ እየሸኘች ብቻዋን ፈገግ አለች። ‹‹በተጋባን ሰሞን ከአባትሽ ጋር በዚህ መንገድ ወጥተን ነበር። እሾህ ወጋኝና እዚሁ አካባቢ አስቀምጦኝ በመርፌ ቁልፍ ነቀለልኝ። እሾሁን ሳይሆን እግሬን ነበር የሚወጋው!›› ብላ ሳቀች። ስቃ ስቃ ዓይኗ እንባ ሞላ።

ያን ጊዜ ሁለት ዓመት የያዝኩትን ነገር ጠየቅኋት። ‹‹እማዬ፣ ግን አንቺ እግዚአብሔርን አልተቀየምሽውም?››

ቆጣ ትላለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ‹‹ተቀይሜው ነበር እንጂ!›› አለችኝ። ‹‹ሦስት ወር ሙሉ ቆሜ ስጸልይ የሚንቀሳቀሰው አፌ ብቻ ነበር። በኋላ ቁጭ ብዬ ሒሳብ ሠራሁ። ከአባትሽ ጋር 31 ዓመት ኖሬያለሁ። ለ31ዱ ዓመት ሳላመሰግነው ለሰባቱ ወር ብቻ ልጣላው? እንዲህ ብዬ ታረቅሁት። ናፍቆቱ ግን ሌላ ነው፤ እሱ አልለቀቀኝም።››

‹‹ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?››

‹‹አንቺስ መች ጠየቅሽኝ?››

አንባቢዎቼ፣ መንገድ ዳር ተቀምጬ እንደ ሕፃን ልጅ አለቀስኩ። ‹‹ያን ቀን የተናገርኩሽን ይቅር በይኝ›› አልኳት። ‹‹ረስቼዋለሁ፣ ተነሺ በይ ቅዳሴው ሳያልቅ›› አለችኝ። እንዳልረሳችው ሁለታችንም እናውቃለን። ይቅር እንዳለችኝ ግን አውቄያለሁ። የቀረውን መንገድ በታክሲ ጨረስነው።

እንጦጦ ማርያም ባለ ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ናት። አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት እዚያ ነው። ከጎኗ የምኒልክና የጣይቱ ቅርሶች ያሉበት ሙዚየም አለ። ትንሽ ራቅ ብሎ በእንጨትና በጭቃ የተሠራው ቤተ መንግሥታቸው ይታያል። ንጉሠ ነገሥት የኖረበት ቤት እንዲያ ቀላል መሆኑን ያየ ሰው ስለራሱ ኪራይ ቤት የሚያማርረው ትንሽ ይቀንስለታል።

ግቢው ነጭ በለበሰ ሰው ተሞልቶ ነበር። ጸበል በጀሪካን የያዘ፣ ጧፍ የሚያበራ፣ ዛፍ ሥር የተኛ ሕመምተኛ፣ ሁሉም አለ። እማዬ ክንዴን ለቀቀችና ገባች። እኔ በሩ ጋ ቆምኩ። ሰማይ ተከፈተ፣ ብርሃን ወረደ ብዬ አልዋሻችሁም። ትንሽ ቆይቼ በሩን ተሳለምኩ። ረጅም ጸሎት አልመጣልኝም። ‹‹ስለ አባዬ ተመስገን›› አልኩ፣ በቃ። ስለ መሞቱ አይደለም፤ አባቴ ስለነበረ ነው።

ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጠጣን፣ እማዬ በነጠላ ቋጥራ ያመጣችውን ዳቦና ቆሎ በላን። ከዚያ ከተማው ወደሚታይበት ቦታ ወጥተን ቆምን። አዲስ አበባ ከእግራችን ሥር ተዘርግታለች። በአንድ በኩል የረር፣ በሌላው ወጨጫ። ‹‹ቤታችን የቱ ጋ ነው?›› እየተባባልን እንደ ልጆች ተከራከርን። አላገኘነውም። እዚያ ታች ስሆን የሚያክልብኝ ሐሳብ ሁሉ በዚያች በማትታይ ጣሪያ ሥር መሆኑን ሳስበው ገረመኝ።

ስንመለስ ሽሮ ሜዳ ላይ እማዬ አንድ የሸማ ሱቅ በር ላይ ቆመች። አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጠላ አነሳች፣ አገላበጠች፣ አስቀመጠች፣ እንደገና አነሳች። ዋጋውን ስትሰማ ‹‹ኧረ ወዲያ!›› አለች። ነጋዴው ቀነሰላት። ሄደን ስንጠራ፣ ተመልሰን ስንከራከር ግማሽ ሰዓት ፈጀን። መጨረሻ ላይ ገዛችው። ቤት ስንደርስ ጥቁሩን ነጠላ አጥባ ሰጣችው፤ ሲደርቅ አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

የዚያን ቀን ወጪያችን ታክሲና ጧፍ ነበር፤ ነጠላዋ ሳትቆጠር ማለቴ ነው። እንግዲህ ለመውጣት ያሰባችሁ ካላችሁ ጥቂት ምክር ልጨምር።

አንደኛ፣ ከተቀያየማችሁት ሰው ጋር ውጡ። ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጦ የማይወጣ ነገር ጎን ለጎን ሲሄዱ ይወጣል።

ሁለተኛ፣ በማለዳ ተነሱ፣ ሙቀት ያለው ልብስ ደርቡ። ቦታው ከፍታ ስለሆነ ከታች የመጣ ሰው ቶሎ ይደክመዋል፤ እያረፋችሁ ውጡ። ሰው የሚሄድበትን መንገድ አትልቀቁ።

ሦስተኛ፣ ለጸበል የምትሄዱ በባዶ ሆድ መሆኑን አትርሱ። ሐኪም ያዘዘላችሁን መድኃኒት ግን በጸበል ምክንያት አታቋርጡ። ስለ መጾሙም ሐኪማችሁንና የንስሐ አባታችሁን አማክሩ።

አራተኛ፣ መንፈሳዊ ጉዞ ለማይመቻችሁ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ እዚያው ተራራ ላይ ነው። ዛፉም አየሩም ያው ነው።

ዳገቱ የማይቻላችሁ ደግሞ ሩቅ መሄድ አይጠበቅባችሁም። አንዲት ሙስሊም ጎረቤታችን ከሱብሒ ሶላት በኋላ ደጃቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ‹‹ምን እየሠሩ ነው እማማ?›› ስላቸው ‹‹አልሐምዱሊላህ እያልኩ ነዋ!›› ይሉኛል። ድሮ ሥራ የፈቱ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሥራቸው ገብቶኛል።

እኔና እማዬ አሁንም ስለ ሽንኩርት ዋጋ እናወራለን። አባዬም ይናፍቀናል። በየወሩ 21 ቀን ሲደርስ ግን ክንዷን የምይዘው ‹‹እንሂድ›› ብዬ ቀድሜ እኔ ነኝ።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ያሰንብተን።