ከእንጦጦ ጫካ እስከ ቱሪን በረዶ

ዜግነት የቀየረ ስፖርተኛ ሲባል በኢትዮጵያ ቀድሞ የሚታሰበው ሯጭ ነው። በኦሊምፒክ አንድ አገር በአንድ ርቀት ከሦስት ሰው በላይ አያሰልፍም፤ በኮተቤ አስፋልትና በእንጦጦ ጫካ ጎህ ሳይቀድ ልምምድ የሚጀምሩት ግን እጅግ ብዙ ናቸው። ሚኒማ (የመግቢያ ሰዓት) ያሟላ ሁሉ አይመረጥም። በስደት፣ በትዳር ወይም በጉዲፈቻ ሄደው በዚያው የቀሩም አሉ። ኤልቫን አቤይለገሰ እ.ኤ.አ. በ2004 የ5,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው ለቱርክ ሮጣ ነው። የአዳማዋ ሲፋን ሀሰን በ15 ዓመቷ ወደ ኔዘርላንድስ ተሰደደች፤ በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ትዕግሥት አሰፋን በ3 ሰከንድ ቀድማ ወርቁን ወሰደች። ያ ቀን ለብዙ ኢትዮጵያዊ ደስታና ቁጭት የተቀላቀለበት ነበር።

ለአንድ አገር ተሰልፎ ወደ ሌላ የሚዛወር ስፖርተኛ በኦሊምፒክ ቻርተር መሠረት በመርህ ደረጃ ሦስት ዓመት ይጠብቃል። የዓለም አትሌቲክስም ከ2018 ጀምሮ ይህንኑ ጊዜ አጽንቶ፣ ዕድሜው 20 ያልሞላ አትሌት እንዳይዛወር ከልክሏል።

በበረዶ ስፖርት መንገዱ የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚፈለገው ከውጭ የሚመጣ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የሄደው ሮቤል ተክለማርያም በዚያው በረዶ ላይ መንሸራተት ተማረ። በ2006 በቱሪን በ15 ኪሎ ሜትር የአገር አቋራጭ ውድድር ተሰልፎ ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ የወከለ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ አገሪቱ በሜልቦርን የበጋ ኦሊምፒክ ከተሳተፈች 50 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በ2010 በቫንኩቨርም ብቻውን ተሰለፈ። ውጤቱ ከዝርዝሩ ግርጌ ነበር፤ መንገዱን መክፈቱ ግን ከደረጃው ይበልጣል። ትልልቅ የአገር አቋራጭ የበረዶ ውድድሮች ከ1,800 ሜትር ከፍታ በላይ አይካሄዱም። እንጦጦ ግን 3,000 ሜትር ያልፋል። ትንፋሹ አለ፤ የሌለው በረዶው ነው።

ከውጭ ለሚመጣው ስፖርተኛ ትልቁ እንቅፋት ግን የዜግነት ሕጉ ነው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። በትውልድ ሁለት ዜግነት ያገኘ ልጅም ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ካላሳወቀ ያጣዋል። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያሠራል፤ ብሔራዊ ቡድን ውስጥ ግን አያስገባም፣ ዜግነት አይደለምና። ካናዳ የተወለደው ሻነን አቤዳ በ2018 እና በ2022 ለወላጆቹ አገር ለኤርትራ ተንሸራቷል። የካናዳ ፓስፖርቱን መተው ለማይፈልግ ኢትዮጵያዊ እኩያው ግን ያ በር ዝግ ነው።

ይህ ድንጋጌ ለስፖርተኞች ሲባል ቢሻሻል ኢትዮጵያ የምታጣው ነገር የለም። እስከዚያው ድረስ በካልጋሪ፣ በኦስሎ ወይም በሚኒሶታ በረዶ ላይ ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች ያችን የአንድ ዓመት ገደብ ከወዲሁ ይወቋት።