መርከቡ ሳይደርስ የሚነገር ወሬ

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሕር አይቶ የማያውቅ ገበሬ ጓሮው ውስጥ ባሕር ዛፍ አለው። ከየት እንደመጣ ስሙ ራሱ ይናገራል። የዛፉ ዘር በምኒልክ ዘመን ባሕር ተሻግሮ አዲስ አበባ ላይ ተተከለ፤ ጎጃም ሲደርስ ደግሞ ማገዶም፣ ማገርም፣ የልጅ ደብተር መግዣም ሆነ። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ዛፉ የመጣው በዘር ስለሆነ የአገሩን ተባዮች አስከትሎ አልመጣም። ያለ ጠላት ያን ያህል ዘመን እንዲህ የተመዘዘበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ጠላቱ የደረሰው ዘግይቶ ነው። የቅጠሉን አገዳና የለጋ ቅርንጫፉን የምታሳብጥ፣ ከትንኝ የማትበልጥ የአውስትራሊያ ተርብ እ.ኤ.አ. በ2000 መካከለኛው ምሥራቅ ላይ ታየች፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ምሥራቅ አፍሪካ ገባች፣ ኢትዮጵያም ደረሰች። በተለይ ቀይ ባሕር ዛፍን ታጠቃለች። እንዲህ ያለች ነፍሳት ረጅሙን መንገድ የምትጨርሰው በገዛ ክንፏ ሳይሆን በሰው ሸክም ነው፤ በችግኝ፣ በቁራጭ ቅርንጫፍ።

የዕፅዋት ኳራንቲን ሥራ ቁም ነገሩ አንድ ጥያቄ ላይ ነው። ባለሙያው ስለ ጭነቱ የሚሰማው መቼ ነው? መርከቡ ገና ባሕር ላይ እያለ ነው ወይስ ጭነቱ ተሳቢ ላይ ከወጣ በኋላ? አውስትራሊያ ይህን ለዕድል አልተወችውም። ከውጭ የሚመጣ ንግድ መርከብ ከመድረሱ በፊት፣ ከ96 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ለባዮሴኪዩሪቲ ባለሥልጣናት ማሳወቅ አለበት። የአውሮፓ ኅብረትም የዕፅዋት ጭነት ከመድረሱ ቢያንስ አንድ የሥራ ቀን ቀድሞ በኤሌክትሮኒክ ሥርዓቱ እንዲመዘገብ ያስገድዳል፤ የጉዞው ሁኔታ ካላመቸ ቢያንስ 4 ሰዓት ቀድሞ።

ይህን የኢትዮጵያ አበባ ላኪዎች ከማንም በላይ ያውቁታል። ከቦሌ የሚነሳ የጽጌረዳ ካርቶን አውሮፓ ሳያርፍ ወሬው ቀድሞት ያርፋል። ካርቶኑ ውስጥ አንዲት የእሳት ራት እጭ ብትገኝ የሚከተለውን ኪሳራ የሚያውቅ ስለሆነ ላኪው ሕጉን አይከራከርም፤ ይፈጽማል። ታዲያ አገሪቱ አበባዋን ስትልክ በየቀኑ የምትኖርበት ሥርዓት ስንዴና ዘር ስታስገባ ለምን እንግዳ ይሆንባታል?

ወረቀት የለም ማለት አይደለም። ኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት ስትሠራበት የኖረችው እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ የዕፅዋት ኳራንቲን ደንብ አላት። አስመጪ ዕቃው ከመነሳቱ በፊት ፈቃድ ያወጣል፣ ከላኪው አገር የጤንነት ምስክር ወረቀት ይመጣል፣ ሲደርስም ይመረመራል። ዛሬ ይህን የያዘው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው። ግን ፈቃድና የመድረሻ ማስታወቂያ ለየቅል ናቸው። ፈቃድ «ይምጣ» ይላል። የመድረሻ ማስታወቂያ «ሐሙስ ማታ፣ በዚህ መርከብ፣ ይህን ያህል ቶን፣ እነዚህን ወደቦች ነክቶ» ይላል። መርማሪ የሚዘጋጀው በሁለተኛው ነው።

ወደብ የሌለው አገር ላይ ነገሩ ይከብዳል። 50 ሺህ ቶን ስንዴ የጫነ መርከብ ጅቡቲ ሲራገፍ፣ አንድ ተሳቢ 400 ኩንታል ይጭናል ቢባል 1,250 ተሳቢ ይሞላል። መኪኖቹ መንገድ ላይ ከተበተኑ በኋላ ድንበር ላይ የቆመው ባለሙያ የቱን ከረጢት ይፈትሽ? ሊያስቆም ቢሞክርስ? የመርከብ ዲመሬጅ በዶላር ይቆጥራል፣ ትራንዚተሩ ይደውላል፣ ባለ መኪናው ይቆጣል፣ ወቅቱ የዘር ከሆነ ደግሞ ከላይም ከታችም «ልቀቅ» ይባላል። ጅቡቲ ላይ ያልታየ ነገር ደጀን ላይ አይታይም። የዓባይን በረሃ ወጥቶ ማርቆስ ገበያ ላይ የተዘረጋ እህል የሚመረመረው በሸማች እናቶች መዳፍ ብቻ ነው፤ እነሱም የሚያዩት ነቀዝና ጠጠርን ነው።

ወሎና ሐረርጌ የዚህን ዋጋ ያውቁታል። ወሎ ቅንጨ አረም፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው የሐረርጌ ገበሬ ፈረምሲሳ የሚለው ፓርቲኒየም የተወለደው ሜክሲኮና አካባቢው ነው። ኢትዮጵያ የገባው በእርዳታ ስንዴ ሳይሆን አይቀርም የሚለው ግምት በተመራማሪዎች ዘንድ የጸና ነው። ምሥራቅ ኢትዮጵያ ውስጥ በተደረገ ጥናት፣ ካልታረመ የማሽላን ምርት ከ40 እስከ 97 በመቶ እንደሚቀንስ ታይቷል። የሚያርመውን ሰው ቆዳ ያሳክካል፣ የበላችውን ላም ወተት ያመርራል። ፈረምሲሳ የሚለው ስም «የሚያስፈርም» እንደማለት ነው፤ መሬትህን ፈርመህ ልቀቅ።

እዚህ ላይ የሚነሳው ክርክር ቀላል አይደለም። ሕዝብ ሲራብ የመጣ ስንዴ አረም አለበት ተብሎ ይመለሳል? አይመለስም፣ መመለስም የለበትም። ቀድሞ የተነገረው ባለሙያ ግን ከመመለስ ሌላ መንገድ አለው። ጭነቱ የመጣበትን አገር አረም ያውቃል፣ ናሙና የሚወስድ ሰው ይልካል፣ የተጠረጠረውን ስንዴ በቀጥታ ወደ ዱቄት ፋብሪካ ያስመራል፣ ከወፍጮ የሚወጣው እንክርዳድም ሜዳ ላይ እንዳይደፋ ያዛል። ዱቄት የሆነ አረም አይበቅልም። መንገድ ላይ የተፈሰሰ እህል ግን ይበቅላል።

ወጪው ደግሞ የሚፈራውን ያህል አይደለም። መርከቡ ምን እንደጫነና መቼ እንደሚደርስ የመርከብ ወኪሉ ያውቃል፣ ባንኩ ያውቃል፣ ጉምሩክም ያውቃል። የቀረው ያው ወረቀት በሰዓቱ የዕፅዋት ኳራንቲን ባለሙያው ጠረጴዛ ላይ መድረሱ፣ ያላደረሰውም መጠየቁ ነው።

አውሮፕላን ላይ ሰዓቱ ያጥራል፣ ጭነቱም ትንሽ ነው፤ አደጋው ግን በኪሎ አይለካም። ከዋሽንግተን የሚመጣ ዘመድ ለእናቱ ጓሮ ብሎ በእርጥብ ካልሲ የጠቀለለውን የወይን ቁራጭ ሻንጣው ሥር ሲከት ክፋት አስቦ አይደለም፤ ማንም ስላልነገረው ነው። ቦሌ ላይ ቦርሳው በኤክስሬይ ሲያልፍ የሚፈለገው ስልክና ላፕቶፕ ነው። መኪናው ደጀንን አልፎ ደብረ ማርቆስ ሲደርስ ቁራጩ ገና እርጥብ ነው፤ በማግሥቱ ከድንቹ መደብ አጠገብ ይተከላል፣ እናትም ውኃ ያጠጡታል።