«እንረዳት» ወይስ «እንርዳት»?

ሐምሌ ላይ የገብስማዋ ዶሯችን አንገት ተመለጠ፤ እንቁላልም አቆመች። እማዬ «ሳትሞትብን እንረዳት» አለች። እኛ ደግሞ «እንርዳት» አልን። የታመመች ዶሮ እህል ትተዋለች፤ የእኛዋ ግን ትበላለች፣ ከቆዳዋም እንደ እሾህ የሾለ አዲስ ላባ ብቅ ብሏል። ለካ ላባ እየቀየረች ነው! ላባ አብዛኛው ፕሮቲን ስለሆነ ለእንቁላል የሚተርፍ የላትም። ከጣና ዳር አጥማጆች የዓሣ ጭንቅላት እየለመንን፣ ቀቅለን አበላናት። አዲሱ ላባ ደም አለው፣ ሲነካ ያማታል፤ ስለዚህ ማቀፍ ተውን (ይሄ ነው የከበደን)። ሐይቁ ላይ ያሉት የግብፅ ዝይዎች የበረራ ላባቸውን በአንዴ ጥለው መብረር ሲያቅታቸው ውሃው ይሸሽጋቸዋል። እሷን ወጥ ቤት ሸሸግናት።

ለእንቁጣጣሽ እማዬ ቀይ አውራ ዶሮ ገዛች። ገብስማ እንዳታየው ብላ ጓሮ ወስዳ አሳረደችው።